ደም የለበሰ ፊት፣ የሚጨፍር እግር፦ የአቤል ተስፋዬ «ብላይንዲንግ ላይትስ» ሲፈታ

በኮሮና ሰሞን፣ በ2020፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ በተቀመጠበት ጊዜ ቲክቶክን ያጥለቀለቀ አንድ ጭፈራ ነበር። አባት፣ እናትና ልጆች ሳሎን ውስጥ ይደረደራሉ። ሙዚቃው ይለቀቃል። ከዚያ እግር ወደ ፊት፣ እግር ወደ ጎን፣ ትንሽ ሶምሶማ፣ ትንሽ ዝላይ። አያቶች ሳይቀሩ ሞክረውታል። ሙዚቃው «ብላይንዲንግ ላይትስ» ነው። ዘፋኙ ደግሞ ዓለም ዘ ዊኬንድ እያለ የሚጠራው አቤል ተስፋዬ፣ ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገው የኢትዮጵያውያን ልጅ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገርመው ዘፈኑ ለቤተሰብ ጨዋታ የተሠራ አለመሆኑ ነው። አቤል በዚያው ዓመት ለኤስኳየር መጽሔት እንዳስረዳው ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሌሊት ነው። ሰውየው ሞቅ ብሎታል። አንድ ሰው ለማግኘት መኪናውን አስነስቶ ይበርራል። የመንገዱ መብራት ዓይኑን ያጭበረብረዋል። መመለስ ግን አይሆንለትም፤ ብቸኝነቱ አላስቀምጥ ብሎታል። አቤል ጠጥቶ መንዳትን ማበረታታት እንደማይፈልግም ተናግሯል። ያም ሆኖ የዘፈኑ ጥቁር ጎን ይኸው ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ እንዴት ሆኖ አያትና የልጅ ልጅን ሳሎን ውስጥ አሰለፈ? ነገሩ አስማት የለውም። በደንብ ታስቦበት የተሠራ ነው። ሲፈታ ደግሞ ማንም ይረዳዋል።

መጀመሪያ ማሽኑ

«ብላይንዲንግ ላይትስ» ሲንዝ-ፖፕ ከሚባለው የሙዚቃ ወገን ነው። በሲንተሳይዘር የሚሠራ ፖፕ ማለት ነው። ሲንተሳይዘር እኛ አገር ኪቦርድ ወይም ኦርጋን እያልን የምንጠራው መሣሪያ የቅርብ ዘመድ ነው።

ክራር ሲመታ ክሩ ይርገበገባል። ዋሽንት ሲነፋ አየሩ ይርገበገባል። ሲንተሳይዘር ውስጥ የሚርገበገበው ኤሌክትሪክ ነው። ኦሲሌተር የሚባል ክፍል ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያወዛውዘዋል። በሰከንድ 440 ጊዜ ካወዛወዘው፣ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት «ላ» የተባለው ድምፅ በስፒከሩ ይወጣል። ይህ ጥሬ ድምፅ ግን ጆሮ ይቧጥጣል። ስለዚህ በፊልተር ያልፋል። የድምፅ ወንፊት በሉት፤ ሹሉን አስቀርቶ ለስላሳውን ያሳልፋል፣ ወይም በተቃራኒው። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ድምፁ እንዴት ተነስቶ እንዴት እንደሚጠፋ ይወስናል። ቁልፉን ስትነኩት ወዲያው ይፈነዳል ወይስ ቀስ ብሎ ይሞላል? ጣታችሁን ስታነሱ ይቆረጣል ወይስ እየደከመ ይሄዳል? በቃ፣ ዋናው ነገር ይህ ነው። እነዚህን ሦስቱን እያዟዟሩ ቫዮሊን የሚመስልም፣ የአምቡላንስ ጩኸት የሚመስልም ድምፅ ማውጣት ይቻላል።

በ1970 ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር ሲመጣ፣ ቀድሞ ግድግዳ ያህል ቦታ ይይዝ የነበረው ማሽን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በ1980 እውነተኛ የድራም ድምፅ ተቀድቶ የተጫነበት ሊን ኤልኤም-1 ተከተለ። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ7 መጣ። ከዚያ በኋላ ፖፕ ለመሥራት ባንድ ማቋቋም ግዴታ መሆኑ ቀረ። ጊታሪስት መለመን የለ፣ ልምምድ ላይ የሚያረፍድ ድራመር የለ። አንድ ሰው ክፍሉን ዘግቶ ሙሉ ባንድ መሆን ቻለ።

እንደኔ እንደኔ፣ ሲንዝ-ፖፕ ውስጥ ብቸኝነት የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ከማሽን ጋር ብቻውን ሲያመሽ የከረመ ሰው ስለ ብቸኝነት ቢዘፍን ምን ይገርማል?

ከዚህ ሙዚቃ የማይጠፋ ሌላ ነገር ደግሞ መኪና ነው። የጀርመኖቹ ክራፍትቬርክ በ1974 ያወጡት «አውቶባን» 22 ደቂቃ ገደማ በፈጣን መንገድ የሚደረግ ጉዞ ነው። እንግሊዛዊው ጋሪ ኑማን ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ሰው ትቶት የሄደ ሚኒሙግ በአጋጣሚ ነካክቶ ነው ልቡ ወደ ሲንተሳይዘር የሸፈተው። በ1979 «ካርስ» የተባለው ነጠላ ዜማው በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። የዘፈኑ መነሻ ለንደን ውስጥ መንገድ ላይ የገጠመው ጠብ ነው። ሰዎች ሊደበድቡት ሲመጡበት የመኪናውን በር ከውስጥ ቆለፈ፤ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ነድቶ አመለጠ። ኑማን መኪና ውስጥ የተቆለፈው ሰው ሸሽቶ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ አቤል መኪና ውስጥ የገባው ሰው ፍለጋ ነው። የሁለቱም መድረሻ ግን ያው ብቻውን የተቀመጠ ሹፌር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ለፈረንጅ የ1980ዎቹ ሲንተሳይዘር የድሮ ፊልምንና የኒዮን መብራትን ያስታውሰዋል። ለእኛ ግን ካሴትን ነው የሚያስታውሰን። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ሲያወጣ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን ተጫውቶታል። አገር ቤትም በእነዚያ ዓመታት ኪቦርዱ የነትራምፔትን ወንበር እየወረሰ ሄዷል። በጊዜው ብዙ ሰው «ኦርጋን ሙዚቃውን ገደለው» እያለ ያማርር ነበር። አሁን ያንኑ ድምፅ የውጭ አገር ወጣቶች በሸክላ አሳትመው በውድ ይገዙታል።

እግር ይሮጣል፣ ድምፅ ይጎተታል

ነጠላ ዜማው የወጣው በኖቬምበር 29፣ 2019 ነው። «አፍተር አወርስ» የተባለው አልበም በማርች 2020 ተከተለ። በድርሰቱ ከአቤል ጋር ጓደኞቹ ቤሊ እና ዳሂላ፣ እንዲሁም ስዊድናውያኑ ማክስ ማርቲንና ኦስካር ሆልተር አሉ። ማክስ ማርቲን ማለት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለነብሪትኒ ስፒርስና ለነባክስትሪት ቦይስ ሂት ሲያቀርብ የኖረ ሰው ነው። የትኛው ዜማ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተጣብቆ እንደሚቀር ያውቃል።

አሁን ፍጥነቱን እንይ። ዘፈኑ በደቂቃ 171 ጊዜ ይመታል። የግድግዳ ሰዓት በደቂቃ 60 ጊዜ ቀጭ ይላል፤ እዚህ ሰዓቱ አንዴ ቀጭ እስኪል ዘፈኑ ሦስት ጊዜ ሊመታ ምንም አይቀረው። የተለመደው የናይት ክለብ ሙዚቃ 120ዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ዘፈን ይሮጣል። ሰውነት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ምት ፈቃድ አይጠይቅም፤ እግር ራሱ ይነሳል።

አቤል ግን አይሮጥም። ኅብረ ዝማሬው ላይ ሲደርስ ቃላቱን ይለጥጣቸዋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንጠለጥለዋል። ድራሙ ሥሩ ሲበርር እሱ ከላይ እየተንሳፈፈ ያልፋል። ይህን ለመስማት ቀላል ዘዴ አለ። ዩቲዩብ ላይ ዘፈኑን በፒያኖ ብቻ ቀስ ብለው የተጫወቱ ሰዎች አሉ። ድራሙ ሲወጣለት ዜማው ወዲያው እንጉርጉሮ ይሆናል። ያው ዜማ ነው። የተቀነሰው ሩጫው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምስጢር ኮርዶቹ፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች ናቸው። አራት ናቸው፦ ኤፍ ማይነር፣ ሲ ማይነር፣ ኢ ፍላት ሜጀር፣ ቢ ፍላት ሜጀር። ማይነር የሚባለው ኮርድ ለጆሮ ይከፋል፣ ሜጀር ይፈካል። እዚህ ሁለት የከፉ፣ ሁለት የፈኩ ኮርዶች ተራ በተራ ይመጣሉ። ከዚያ እንደገና። ከዚያ እንደገና። አብዛኛው ዘፈን አንድ «ቤት» አለው፤ ዜማው ዞሮ ዞሮ እዚያ ሲገባ ጆሮ እፎይ ይላል። እዚህ ግን ቤቱ የት እንደሆነ አይታወቅም። ሙዚቃ አዋቂዎች እንኳ «ቤቱ ኤፍ ነው» «የለም፣ ሲ ነው» እያሉ ይከራከራሉ። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል እንጂ ደረሰ የሚባልበት ቦታ የለም። ግጥሙን የማይሰማ ሰው እንኳ ይህን አለማረፍ ይሰማዋል።

የድራሙ ድምፅም የራሱ ታሪክ አለው። በ1980 አካባቢ ለንደን ውስጥ ሂዩ ፓጃም የተባለ የድምፅ መሐንዲስ፣ ትልቅ ክፍል ውስጥ የተመታ ድራም የሚያስተጋባውን ድምፅ ሳያልቅ በድንገት መቁረጥ ጀመረ። ድራሙ «ቧ» ይልና ጸጥ። ጎላ ያለ፣ ግን ጅራት የሌለው ምት። የ1980ዎቹን ፖፕ ከሌላው የሚለየው ይህ ዓይነቱ ድምፅ ነው። «ብላይንዲንግ ላይትስ»ም እሱን ተውሶ ነው ገና ሲጀምር የድሮ ዘፈን የሚመስለው። በ1990 የተወለደው አቤል የማያስታውሰውን ዘመን ሲናፍቅ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ያቺ ዜማ አለች። ቃል የላትም። አቤል መዝፈን ሳይጀምር ሲንተሳይዘሩ ይጫወታታል፤ ከኅብረ ዝማሬው በኋላም ትመለሳለች። ሰው ሲያፏጭ የሚሰማው እሷን ነው። ቲክቶክ ላይ ሰው ሁሉ እግሩን ያወናጨፈውም በእሷ ነው። አያት የጨፈሩት ለጨለማው ታሪክ አልነበረም፤ ታሪኩ ዝም ባለበት ቦታ ላይ ነው የጨፈሩት። እኔ ዘፈኑ ውስጥ የማደንቀው ትልቁ ብልጠት ይኸ ነው። ሐዘኑን ለቃላቱ ሰጠ፣ ጭፈራውን ለማሽኑ።

«የኛ ነገር የለበትም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አቤል በልጅነቱ ቤታቸው ቡና ሲጠጣ፣ ፈንዲሻ ሲበላ፣ እነአስቴር አወቀና ሙላቱ አስታጥቄ ሲሰሙ እንዳደገ፣ አዘፋፈኑም ከዚያ እንደተቀዳ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። «ዘ ሂልስ» በተባለው ዘፈኑ መጨረሻ ላይም አማርኛ ይሰማል። እዚህ ዘፈን ላይ ግን ትዝታ ወይም አንቺሆዬ ፍለጋ ባትደክሙ ጥሩ ነው። ድምፁን እንደ ወትሮው አላንቀረቀበውም። ቀጥ አድርጎ፣ ከማሽኑ ጋር ተናቦ ነው የዘፈነው። የኛ ልጅ ስለሆነ ብቻ ሁሉ ቦታ ቅኝት መፈለግ ለሱም ለቅኝቱም አይበጅም።

ክሊፑ ላይ ምን ሆነ?

ክሊፑ የወጣው በጃንዋሪ 21፣ 2020 ነው። ዳይሬክተሩ ፊንላንዳዊው አንቶን ታሚ ነው። የሚከፈተው በሳቅ ነው። አቤል ቀይ ኮት ለብሷል። ከአፍንጫው ደም ወርዶ አፉንና ጥርሱን አልብሶታል። እሱ ግን ከት ከት ብሎ ይስቃል። ሳቁ ደግሞ ደስ የሚል ዓይነት አይደለም፤ ሰው ካለቀሰ በኋላ የሚመጣው ዓይነት ነው። ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ላስ ቬጋስ ውስጥ በሌሊት መኪና ያበርራል። ጭር ባለ ጎዳና ላይ ብቻውን ይጨፍራል። ሚኪ ሃማኖ የምትጫወታት ዘፋኝ ወደምትዘፍንበት ቤት ይገባል። የቤቱ ጠባቂዎች ይደበድቡታል።

ታሪክ ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ብዙም ታሪክ አይደለም። ለምን ተደበደበ? አይነገርም። ሴትዮዋ ማን ናት? አይነገርም። ክሊፑ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ የቆሰለ ፊትና የማያርፍ እግር በአንድ ሰው ላይ። ዘፈኑ በጆሮ የሠራውን ክሊፑ በዓይን ደገመው። ደሙ ግጥሙ ነው፣ ጭፈራው ድራሙ። ሁለቱ አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ ተመልካች ይሳቅ ወይ ይፍራ ግራ ይገባዋል። ላስ ቬጋስም ለዚህ ተስማሚ ከተማ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቀን የሚበራ፣ ሰው ገንዘቡንም ራሱንም የሚጥልበት ቦታ።

መኪናውን ደግሞ እንዳንረሳው። የሚነዳው መርሴዲስ ነው። በአጋጣሚ አይደለም። ዘፈኑ ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት በፊት ሕዝብ መጀመሪያ የሰማው በመርሴዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ማስታወቂያ ላይ ነበር። ሞቅ ብሎት መብራት ዓይኑን እያጭበረበረው ስለሚነዳ ሰው የተጻፈ ዘፈን ለመኪና ማስታወቂያ! ግጥሙን ያነበበ የለም ወይስ አንብበው «ችግር የለም» አሉ? የትኛውም ቢሆን ክሊፕ የጥበብ ሥራም የሽያጭ ሥራም መሆኑን ይህ በደንብ ያሳያል። ዛሬ ብዙ ክሊፖች እንዲሁ ናቸው። ልዩነቱ አንዳንዱ ማስታወቂያነቱን ይረሳል፣ አንዳንዱ ያስታውቅበታል።

ደሙ በክሊፑ አላበቃም። እዚህ ላይ አቤል ያደረገው ነገር ከሌላው ዘፋኝ ይለየዋል። ሰውየውን፣ ያንን ቀይ ኮት የለበሰውን፣ ከአንድ ዓመት በላይ ይዞት ዞረ። በኦገስት 2020 የኤምቲቪ ሽልማት ላይ ፊቱ ተጎድቶ ቀረበ። ክሊፑ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። እሱ ግን መደሰት እንደከበደው ተናግሮ ለጄኮብ ብሌክና ለብሪዮና ቴይለር ፍትሕ ጠየቀ፤ ሁለቱም በአሜሪካ ፖሊስ በጥይት የተመቱ ጥቁሮች ናቸው። በዚያው ምሽት ዘፈኑ የምርጥ አር ኤንድ ቢ (ከጥቁር አሜሪካውያን የመነጨ የሙዚቃ ወገን ነው) ሽልማትም አገኘ። ከላይ እንዳየነው ዘፈኑ ከእግር እስከ ራሱ ሲንዝ-ፖፕ ነው። ጥቁር ዘፋኝ ምንም ቢሠራ አር ኤንድ ቢ መባሉ የቆየ ልማድ ነው።

በኖቬምበር ደግሞ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ፊቱን በሙሉ በፋሻ ጠቅልሎ መጣ። በጃንዋሪ 2021 «ሴቭ ዩር ቲርስ» በተባለው ክሊፕ ፋሻው ተፈታ፤ ከሥሩ የወጣው በፕላስቲክ ሰርጀሪ የተነፋ የመሰለ ፊት ነበር። ሜካፕ ነው፣ ግን ሰው ደነገጠ። አቤል ለቫራይቲ መጽሔት እንዳስረዳው ፋሻው የሚያመለክተው በሆሊውድ ሰው ለመወደድና ተቀባይነት ለማግኘት ብሎ ራሱን የሚቀያይርበትን አጉል ባህል ነው። በፌብሩዋሪ 7፣ 2021 በሱፐር ቦውል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ እረፍት ላይ ሲዘፍን ሜዳውን የሞሉት ጨፋሪዎች ሁሉ ፊታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። የመጨረሻው ዘፈን «ብላይንዲንግ ላይትስ» ሆነ። ለዚያ ዝግጅት ከኪሱ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል ተብሏል።

በዚህ ሁሉ መሀል ግራሚ አንድም እጩነት አልሰጠውም። ዜሮ። አቤል ግራሚዎች ሙሰኞች ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ከዚያም እጩዎችን በሚመርጡት ስውር ኮሚቴዎች ምክንያት ከእንግዲህ ሥራዎቹ ለውድድር እንዳይቀርቡ ወሰነ። በኤፕሪል 2021 ግራሚ አብዛኞቹን ስውር ኮሚቴዎች አፈረሰ።

ለምን አልወርድ አለ?

ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የሚያወጣው የ100 ዘፈኖች ሠንጠረዥ በየሳምንቱ ሦስት ነገር ይደምራል፦ ሰው በኢንተርኔት ስንት ጊዜ ሰማው፣ ሬዲዮ ስንት ሰው ጆሮ አደረሰው፣ ስንት ኮፒ ተሸጠ። አዲስ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ በኢንተርኔቱ ፈጥኖ ይወጣና ፈጥኖ ይወርዳል። ሬዲዮ ደግሞ ዘግይቶ ይይዛል፣ ከያዘ ግን አይለቅም። «ብላይንዲንግ ላይትስ» አንደኛ የሆነው ከወጣ ከአራት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 2020 ነው። በሬዲዮ ሠንጠረዥ ግን 26 ሳምንት አንደኛ ተቀምጧል።

የሬዲዮ ሰዎች የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘፈኑ ጠዋት ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮም፣ ሌሊት መኪና ውስጥም ይሄዳል። የድሮ ድምፅ ስላለው አባት ጣቢያውን አይቀይርም። አዲስ ስለሆነ ልጅም አይቀይርም።

ሠንጠረዡ በዚያን ጊዜ አንድ ደንብ ነበረው። ዘፈን ከ52 ሳምንት በኋላ ከ25ኛ ደረጃ በታች ከወረደ ቦታውን ለአዲስ ይለቃል። ይህ ዘፈን ዓመት ሞልቶትም ከ25ኛ በታች አልወርድ ስላለ ማስወጣት አልተቻለም። 57 ሳምንት ከ10ሩ ውስጥ ነበር፤ በጊዜው ይህን ያደረገ ሌላ ዘፈን አልነበረም። በ2021 ቢልቦርድ የሠንጠረዡን የምንጊዜም ደረጃ ሲያወጣ፣ የቸቢ ቼከርን «ዘ ትዊስት» ከአንደኝነት አውርዶ እሱን አስቀመጠ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ስፖቲፋይ ላይ 4 ቢሊዮን ጊዜ በመሰማት የመጀመሪያው ሆነ።

ከሠንጠረዡ የወጣው በሴፕቴምበር 2021 ነው፤ በጠቅላላው 90 ሳምንት ቆይቶ። ያን ጊዜ ሬኮርድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዞቹ ግላስ አኒማልስ «ሂት ዌቭስ» በ91 ሳምንት ወሰደበት፤ በአንዲት ሳምንት።